መሃል ላይ የቆመችው ጀልባ

ኒኩንጃ ጃና የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ የዓሣ አጥማጅም የልጅ ልጅ ሆኖ ሳለ ባሕር አልሆነለትም። ጀልባው ከወንዙ አፍ ወጥቶ ውሃው ማወዛወዝ ሲጀምር አንጀቱ ይገለበጣል። አባቱ ክረምት በመጣ ቁጥር ይዘውት እየወጡ ሞከሩት፤ አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ሲያስመልስ የዋለውን ልጅ ዳርቻው ላይ አወረዱትና፣ «በል አንተ የየብስ ሰው ነህ፤ ከሴቶቹ ጋር ሆነህ ጠብቀን» አሉት። ለቀልድ ነበር የተናገሩት። የቤንጋል ባሕር ዳር ከተማቸው የካክድዊፕ ሰው ግን ቀልድ አይረሳም፤ ኒኩንጃ ጢም ካወጣ በኋላም ገበያ መሃል «የየብሱ!» ብሎ የሚጠራው አልጠፋም ነበር።

ወደ ኮልካታ ሄዶ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሥራ ገባ። ሰውየው ቀን ቀን የሰው ሬዲዮ ይጠግናሉ፣ ሥራ ሲፈቱ ደግሞ በራሳቸው ሬዲዮ ከማያውቁት አገር ሰው ጋር ይነጋገራሉ። ለገንዘብ አይደለም፤ ፍቅሩ ይዟቸው ነው። እንዲህ ያሉትን አማተር ይሏቸዋል። መንግሥት ይፈትናቸዋል፣ ፈቃድ ይሰጣቸዋል፣ ለእያንዳንዳቸውም የፊደልና የቁጥር መጠሪያ ያወጣላቸዋል። ኒኩንጃም ይኸው ፍቅር ያዘው። ተፈትኖ አለፈና ፈቃዱን ይዞ አገሩ ተመለሰ። ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ከፍቶ ቬንትሌተርና ቴሌቪዥን እየጠገነ፣ ጣሪያው ላይ ከቀርከሃ የረዘመ አንቴና አቆመ።

«ኒኩንጃ ዳዳ፣ ልብስ ልታሰጣበት ነው?» አለው አንዱ ዓሣ ሻጭ፤ ዳዳ ታላቅ ወንድም እንደ ማለት ነው።

«የአንተን ሱሪ። ሽታው ከዚያ ላይ ሆኖ ለአምላክ እንዲደርስ» አለው ኒኩንጃ። ከዚያ ወዲህ በአንቴናው የሚቀልድበት ቀነሰ።

ያገባት ሱላታን ነው። የሱላታ አባት ባሕር ወጥተው አልተመለሱም፤ እናቷም ብዙ አልቆዩም። ትንሽ ወንድሟን ሱባልን አዝላ አሳድጋው ነበርና ለትዳር ስትመጣ እሱንም ይዛው መጣች። ኒኩንጃና ሱላታ ልጅ አልወለዱም። ሱባል «ጃማይባቡ» ይለዋል፣ የእህቴ ባል ማለቱ ነው፤ አፉ እንዲያ ይበል እንጂ አባቱ እሱ ነበር። ኒኩንጃ ሙያውን ሊያስተምረው ደከመ፤ ሱባል ግን ሽቦ ሲያይ እንቅልፉ የሚመጣ፣ ውሃ ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ልጅ ሆነ። አድጎ የጀልባ መሪ ሆነ። ሱላታ ይህን ቀን ስትፈራ ኖራ ነበርና ሲሆን ምንም አላለችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባሏ ሥራ ላይ ሳለ ሻይ ይዛለት መጥታ፣ «አባቴ የት እንዳለ እንኳ ባውቅ፣ ፊቴን ወደዚያ አዙሬ አለቅስ ነበር» አለችው።

ይቺ ንግግር ናት ኒኩንጃን እንቅልፍ የነሣችው። የኮልካታ ጓደኞቹ መኪና ላይም ሰው ላይም የሚያስሩት አንድ ዕቃ እንዳለ ያውቃል። ከሳተላይት ያለበትን ቦታ ይሰማል፣ የሰማውንም በየጥቂት ደቂቃው በአማተር ሬዲዮ ይናገራል፤ እዚህ ነኝ፣ ወደዚህ እየሄድኩ ነው፣ ፍጥነቴ ይህን ያህል ነው ይላል። የሰማው ጣቢያ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያወጣዋል። ኒኩንጃ ይህን ዕቃ ለጀልባ አደረገው። ውሃ እንዳያስገባ በወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ አሽጎ፣ መሪው በሚቆምባት ጎጆ ጣሪያ ላይ አሰረው። አጫጭር የጽሑፍ መልእክትም እንዲያደርስ አደረገ።

አንድ ችግር ነበረው። ባሕሩ ሰፊ ነው፤ የጀልባ አንቴና ደግሞ ዝቅ ያለ ነውና ድምፁ ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሣጥን የሰማውን መልሶ እንዲናገር አድርጎ ሠራው። ሩቅ ያለው መሃል ላለው ይነግራል፣ መሃል ያለው ለኒኩንጃ ያደርሳል።

ሕጉ በየጀልባው ፈቃድ ያለው ሰው ይጠይቃል። ሱባልን ጨምሮ አራት የጀልባ መሪዎችን አግባብቶ ሱቁ ወለል ላይ አስቀመጠና አስተማራቸው። ከአራቱ ትልቁ ታራፓዳ የሚባሉት ነበሩ፤ ጥርሳቸው በትንባሆ የጠቆረ፣ ምላሳቸው ከዓሣ አጥንት የሚወጋ ሽማግሌ። ተፈትነው ሲመጡ ታራፓዳ አለፉ፣ ሱባል ወደቀ።

«ፍየል ብታስተምር እኮ ቢያንስ ወረቀቱን ትበላው ነበር» አሉ ታራፓዳ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ያለፉት ፈታኙ አዝኖልዎ ነው። ይሄ ሽማግሌ ድጋሚ እስኪመጣ ይሞትብኛል ብሎ» አለ ሱባል።

«እኔማ አልሞትም። ይልቅ ንገረኝ፣ ኒኩንጃ፤ እኔ የምናገረውን ለአንተ የሚያደርስልኝ ይሄ ነው? እሱ እኮ ሚስቱ ጨው ግዛ ብላ ብትልከው ከበር ሳይወጣ የሚረሳ ነው።»

ሱባል በሁለተኛው ፈተና አለፈ፤ የአራቱም ጀልባዎች ነጥቦች ካርታው ላይ ታዩ። ያን ክረምት ሱቁ መልኩ ተለወጠ። እስከ ትናንት የአፈር ግድቡ ላይ ቆመው ወደ ባዶ ውሃ ሲያዩ የኖሩት ሴቶች፣ ሙሪያቸውን፣ የሩዝ ቆሏቸውን፣ በጨርቅ ቋጥረው እየመጡ ኮምፒዩተሩ ፊት መቀመጥ ያዙ። የታራፓዳ ሚስት ሃሪማቲ ትመጣለች። የሱባል ሚስት ፑቱልም ሕፃን ልጇን አቅፋ ትመጣለች።

«የእኔው ሽማግሌ የትኛው ነው?» ትላለች ሃሪማቲ።

«ይቺ ናት፣ እናቴ።»

«ምነው ቆሙ?»

«መረብ ጥለው ይሆናል።»

«ምን መረብ ይጥላሉ፣ ተኝተው ነው እንጂ! ላክባቸው፣ ተነሱ በላቸው።»

ኒኩንጃ ይልካል። ትንሽ ቆይቶ ከባሕሩ መልስ ይመጣል፤ «አንቺን ሽሽት እዚህ ድረስ መጥቼ?» ይላል። ሴቶቹ እስኪያለቅሱ ይስቃሉ። ፑቱል ከማንም ጋር ብዙ አትነጋገርም፤ የባሏን ነጥብ ግን አንዴ ካሳዩዋት በኋላ ለይታ አታጣትም፣ ሕፃኗንም ጣቷን ይዛ «አባ» እያለች ታሳያታለች። ኒኩንጃ ያን ጊዜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የየብስ ሰው በመሆኑ አላፈረም።

የሚያሳስበው መሃሉ ነበር። ሁሉም ጀልባ ባሕር ላይ ሲሆን ቅብብሉ ይሠራል፤ መሃል ያሉት ከገቡ ግን ሩቅ ያለው ይጠፋል። በወንዙ አፍ ባለችው አሸዋማ ደሴት ላይ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ ቢቆም፣ የማይተኛ፣ የማይራብ፣ የማይሰጥም አቀባይ ይሆን ነበር። ደሴቷ የመንግሥት ናትና ፈቃድ ጠየቀ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሰደደው፣ ሌላው ወደ ፊተኛው መለሰው። «ነገ ና» ያሉት ሰውዬ ጡረታ ወጡ፤ በእሳቸው ቦታ የተቀመጡትም «ነገ ና» አሉት።

በክረምቱ፣ በሽራቦን ወር፣ ኢሊሽ ዓሣ በብዛት በሚወጣበት ጊዜ፣ ከባሕረ ሰላጤው ላይ ወጀብ ተነሣ። ማስጠንቀቂያው እንደደረሰ ሁለቱ ጀልባዎች ወደ ቤት ዞሩና በማግሥቱ ማለዳ ገቡ። ሱባል እየመጣ ነበር። ታራፓዳ ከሁሉም ርቀው ወጥተው ስለነበር መስማታቸው አልታወቀም፤ ነጥባቸው በሱባል በኩል አልፋ ስትታይ ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤት እየሮጠች ነው። ይሄኔ ነው ሁለተኛው ወሬ የመጣው። ወጀቡ አቅጣጫ ለውጦ በታራፓዳና በካክድዊፕ መካከል ሊገባ ነው። ታራፓዳ ቀጥ ብለው ከመጡ ሆዱ ውስጥ ይገባሉ። መዳኛቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው የባንግላዴሽ ደሴቶች ሥር መጠለል ብቻ ነው።

ኒኩንጃ መልእክት ላከ፤ ወደ ሰሜን አይምጡ፣ ወደ ምሥራቅ ይዙሩ። አልተመለሰም። ደግሞ ላከ። አልተመለሰም። ነጥቧ ወደ ሰሜን መጣች። ሽማግሌው ከመሪው ጋር ትግል ይዘው የሣጥኑን ትንሽ መስታወት የሚያዩበት ጊዜ እንደሌላቸው ገባው። ደጋግሞ መላክ፣ አንድ ጊዜ ዓይናቸው እስኪያርፍበት ድረስ መላክ ነበር ያለው። ለዚህም ሱባል መሃል ላይ መሆን አለበት።

ሱቁ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የሱባል ድምፅ በሬዲዮው መጣ፤ እንደ ወትሮው ሳቅ አለበት።

«ጃማይባቡ፣ እየገባሁ ነው። እህቴን፣ ዲዲን፣ ሩዙን ትጣድ በላት። እርቦኛል።»

ኒኩንጃ ማይክራፎኑን አነሣ። ሃሪማቲ ከተቀመጠችበት ተነሣች። በዕድሜ እናቱ የምትሆነው ሴት ጎንበስ ብላ እግሩን ያዘች።

«ሱባል።»

«አቤት።»

«ትንሽ መቆየት ትችላለህ?»

«የት?»

«እዚያው ባለህበት። ታራፓዳ መልእክቱን አላዩም። አንተ ከገባህ አላገኛቸውም።»

ከወዲያ የነፋሱ ጩኸት ብቻ ተሰማ። ከዚያ፣ «ፍየል ያሉኝ ሰውዬ?» አለ ሱባል።

«እሳቸው።»

«ምን ያህል ልቆይ?»

ኒኩንጃ ዞሮ ፑቱልን አያት። ፑቱልም አየችው። ሕፃኗን ይዛ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ነበር። «አይሆንም» ብትለው፣ ወይም ብትጮህ፣ ወይም ማይክራፎኑን ብትነጥቀው ምን ያደርግ እንደነበር እሱም አያውቅም። እሷ ግን የሃሪማቲን ጀርባ አየችና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«እስኪመልሱ» አለ ኒኩንጃ።

«እሺ» አለ ሱባል። «ግን ቤቴ ድረስ መጥተው ፍየሉ አንተ አይደለህም ይበሉኝ። በሰው ፊት።»

ቆየ። ነጥቧ በማዕበሉ ላይ ባለችበት ትንገላታለች። ኒኩንጃ ይልካል፤ ሱባል ያቀብላል፤ ከወዲያ ምንም የለም። በጀልባዋ ከሱባል ጋር ስምንት ሰዎች አሉ፤ የጥቂቶቹ እናቶችና ሚስቶችም እዚያው ሱቅ ውስጥ ናቸው። ማንም «ይግባ» አላለም። ማንም «ይቆይ» አላለም። ሱላታ ከቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሩዙን ጥዳ ነው የመጣችው።

በመጨረሻ መልሱ መጣ። አንድ ቃል ነው፤ «አየሁ» ይላል። ነጥቧም ዘገም ብላ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ መለሰች። ሃሪማቲ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ደረቷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች፤ ሴቶቹም አቀፏት። በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ኒኩንጃ ማይክራፎኑ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

«ሱባል፣ ዞረዋል! አሁን ግባ! ቶሎ ግባ!»

«ሰማሁ። መጣሁ።»

ከዚያ በኋላ ሱባል አልተናገረም፤ ወይም የተናገረው አልተሰማም። ነጥቧ ግን መናገሯን አላቆመችም። ወደ ሰሜን መጣች፤ በደንብ መጣች። የወንዙ አፍ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ፍጥነቷ ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው ነጥብ ወደ ሰሜን አልነበረም፤ በጎኗ ወደ ምዕራብ ተንሸራታለች። ኒኩንጃ ወደ ካርታው ጠጋ አለ። ሞተር ያለው ጀልባ በጎኑ አይሄድም። ሞተሩ ጠፍቷል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ውሃው ሲጎድል የሚጋለጥ የአሸዋ ደለል አለ፤ ማዕበሉ ከፍ ብሎ የሚሰበረው እዚያ ነው። ውሃውም መጉደል ጀምሯል። ሱባል በሰዓቱ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ውሃው ሙሉ ነበር።

ስልኩን አንሥቶ ለጠረፍ ጠባቂዎቹ ቦታዋን ነገራቸው። «ጌታዬ፣ በዚህ ነፋስ መርከባችን አይወጣም። ሲበርድ እንሄዳለን» አሉት። እንዲህ ያለ ባሕር ውስጥ ሌላ ሰው እንዲልኩ ሊለምናቸው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ነጥቧ ወደ ምዕራብ፣ ደግሞ ወደ ምዕራብ ሄደች። ከዚያ ቆመች። በሚቀጥለው ጊዜም እዚያው። በሚቀጥለውም።

«ቆመ!» አለች አንዷ። «መልሕቅ ጣለ! ፑቱል፣ እዪ፣ ቆሟል!»

ፑቱል ወደ ኒኩንጃ ዞረች። «ጃማይባቡ፣ መልሕቅ ነው?»

መልሕቅ እንዳልሆነ ያውቃል። በመልሕቅ የታሰረ ጀልባ በዚያ ባሕር ላይ ይዋልላል፤ ነጥቡም ወዲያ ወዲህ ይላል። ይቺ ግን እንደ ድንጋይ አንድ ቦታ ተቀምጣለች። አሸዋው ይዟታል ማለት ነው፤ ማዕበሉ ላይዋ ላይ እየተሰበረ ነው ማለት ነው።

«ቆሟል» አላት።

ሴቶቹ ተደሰቱ። አንዷ ሙሪ አከፋፈለች። ሱላታ ብቻ ከበሩ ሳትነቃነቅ የባሏን ፊት እያየች ነበር፤ ቀስ ብላም ዞራ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤቷ ሄደች። ጎረቤት እንደነገረው ድስቱን ከእሳቱ አውርዳ ሩዙን ለውሾች ደፋችው። ነጥቧ ለጥቂት ጊዜ፣ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ ስትል ቆየችና ዝም አለች።

ወጀቡ ሲበርድ ጀልባዋ ተገለባብጣ ኒኩንጃ በነገራቸው ቦታ ላይ ተገኘች። ፍለጋ አላስፈለገም። አምስት ሬሳ ወጣ፤ የቀሩት አልተገኙም። ሱባል ከአምስቱ ውስጥ አልነበረም።

ሱላታ ቦታውን አወቀችው። ሰዎቹ በጀልባ ወስደው አሳዩዋት፤ ደለሉን፣ አሸዋውን፣ ከላዩ የሚሰበረውን ነጭ ውሃ አየች። አላለቀሰችም። ተመልሳ ለባሏ፣ «ማወቁ ይረዳኛል ብዬ ነበር» አለችው።

እንዲህ ያለው ሐዘን በምን ወገን ይለቀሳል? ሟቹ ወንድም፣ ቆይ ያለው ባል። ጎረቤት ለቅሶ ሲመጣ የትኛውን እንደሚያጽናና ግራ እየገባው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቁጭ ብሎ ይነሣል። ኒኩንጃን የወቀሰው ግን የለም። የስምንቱ ሰዎች ቤተሰቦች እንኳ አልወቀሱትም። «ያደረግከው ልክ ነው፤ ምን ታደርግ» አሉት። እሱ ደግሞ የሚፈልገው አንድ ሰው መጥቶ አንገቱን እንዲያንቀው ነበር።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ እሱ ራሱ አወጣው። «ሱላታ፣ አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ?» አለች። ሩዙን በጣቶቿ ታፍሳለች፣ ወደ አፏ ግን አታደርሰውም። «ሽማግሌው ይሙት ማለት ነበረብህ ልበልህ? ልክ ነበርክ እኮ። ብትሳሳት ኖሮ ተቆጥቼህ፣ አልቅሼ፣ ይወጣልኝ ነበር።»

ታራፓዳ ከባንግላዴሽ ሰዎቻቸውን ሁሉ ይዘው ተመለሱ። የድንበር ጉዳይ ስላለ ቆይተው ነው የመጡት። ሃሪማቲ እስከ ግድቡ ወጥታ ተቀበለቻቸው፤ ነገሩን የነገረቻቸውም እዚያው ነው። ወደ ቤታቸው ሳይገቡ፣ የባሕር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ ወደ ኒኩንጃ ሱቅ መጡ። ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። ኒኩንጃ ወጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ሻይ ሻጩ በሸክላ ስኒ ሁለት ሻይ አመጣላቸው፤ ቀዘቀዘ።

«መልእክቱን ቀድሜ አይቼው ነበር» አሉ ታራፓዳ።

ኒኩንጃ ዞሮ አያቸው።

«ሲመጣ አየሁት። ይሄ የየብስ ሰው ለእኔ ባሕር ያስተምረኛል ብዬ ተውኩት። ነፋሱን አይቼ በራሴ ጊዜ ነው የዞርኩት። የመለስኩልህ ከዚያ በኋላ ነው።»

አንድ የጎማ ጋሪ አለፈ፣ አንድ ውሻ መጥቶ እግራቸውን አሽትቶ ሄደ።

«ለምን ይነግሩኛል ይህን?» አለ ኒኩንጃ።

«ለማን ልንገረው? ለፑቱል?» አሉና ሽማግሌው ተነሡ። ከዚያ ቀን ወዲያ ባሕር አልወጡም። ጀልባቸውን ለሌላ ሰጥተው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ያ ከዓሣ አጥንት የሚወጋ ምላስም ተከተተ። ሃሪማቲ ባሌ ዳነ ብላ የተሳለችውን ስለት አስገባች፤ የዳነው ባል ግን ያ ሰውዬ አልነበረም።

ኒኩንጃ የሰማውን ለሱላታም ለማንም አልነገረም። ለሱላታ ቢነግራት የምትቆጣው ሰው ታገኝ ነበር። ነገር ግን ሱባልን ውሃ የበላው ለከንቱ ነው ማለትም ይሆናል። ሆዱ ውስጥ ቀበረው፤ እዚያም አልበሰበሰለትም።

የሰው ወሬ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። በሬዲዮ መልእክት አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው ዳነ ተብሎ ጋዜጠኛ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ። አንድ ሹም መድረክ ላይ አቁመው አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አደረጉለት፣ ትከሻው ላይም ሻል ጣሉበት። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ለሁሉም ጀልባ ሣጥን እንዲሠራ ጠየቀው። ለምሰሶውም ያ ሁሉ ዓመት የጠፋው ፈቃድ ያለ ምልልስ ተሰጠ። ምሰሶው በደሴቷ ላይ ቆመ፤ በጣም ጥሩ ሠራ። ከሩቅ ያለውን ሁሉ ይሰማል፣ ማንም መሃል ላይ መቆም አያስፈልገውም። የምረቃው ቀን ኒኩንጃ የብረቱን እግር በእጁ ይዞ ቆሞ ሲያቀረቅር ሰዎች የሚጸልይ መሰላቸው።

ፑቱል የዛጎል አምባሯን አላወለቀችም፤ በፀጉሯ መሃል የምትቀባውን ቀይ ቀለምም አልተወችም። ያገባች ሴት እንጂ የሞተባት ሴት አልሆነችም። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ትመጣና፣ «ጃማይባቡ፣ ተናገረ?» ትለዋለች። ካርታው ድምፃቸው የጠፋ ነጥቦችን ወዲያው አያጠፋም፤ ኒኩንጃም የሱባልን ነጥብ በእጁ ለማጥፋት አልደፈረም። ስለዚህ ነጥቧ ደለሉ ላይ እንደቆመች ናት። ፑቱል ታያታለች፣ ሕፃኗንም ታሳያታለች፣ ትሄዳለች። ሕፃኗ አፍ እየፈታች ነበርና «አባ» የምትለው ያቺን ነጥብ ሆነ።

ነገሩ በዚህ መቀጠል አልቻለም። ሬሳ ስለሌለ ሱባል በመንግሥት ዘንድ አልሞተም፤ ካልሞተ ደግሞ ለሚስቱና ለልጁ የሚሰጠው የጡረታ ድጎማ የለም። ፑቱል ዓሣ በማጽዳት ቤት ማቆየት አልቻለችም። አንድ ጸሐፊ ለሱላታ፣ ያን ቀን የጀልባዋን ቦታ በሬዲዮ የተከታተለው ሰው ቀርቦ በፊርማው ከመሰከረ ዓመታት መጠበቅ ሳያስፈልግ ይታይላቸዋል አላት።

ሦስቱም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ጃማይባቡ፣ አይፈርሙ» አለች ፑቱል። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «እርስዎ ሞቷል ካሉ ይሞታል።»

«ልጅቷ ምን ትብላ?» አለች ሱላታ። «ፑቱል፣ ምን እየበላች ነው አሁን? የቋጠርሽላትን አይቻለሁ።»

«ባሕር የወሰደው ስንት ሰው በርማ ድረስ ተጉዞ ተመልሷል። የራስሽ ወንድም እኮ ነው፣ ዲዲ።»

«ወንድሜ ነው። እኔም አባቴ ይመጣሉ ብዬ ጠብቄ አውቃለሁ። የጠበቅኩት ወንድሜን በጀርባዬ አዝዬ ነው።»

ፑቱል ወደ ኒኩንጃ ዞረች። «ያን ቀን ቆሟል ነው ያሉኝ።»

«አዎ።»

«መልሕቅ ነው ብዬ ስጠይቅዎ።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?»

ኒኩንጃ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ፑቱል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ልጇን ለሱላታ ሰጥታ ወደ ደጃፉ ወጣች። የዛጎል አምባሮቿን በድንጋዩ ደፍ ላይ መታቻቸው፤ የአንደኛው እጇ ወዲያው ተሰበረ፣ የሌላው አልሰበር ብሎ ደጋግማ ስትመታ እጇ ደማ። ሻይ ሻጩ ፊቱን አዞረ። በነጠላዋ ጫፍ ቀዩን ቀለም ከፀጉሯ ጠረገች፤ ጨርቁም ግንባሯም ቀላ።

በማግሥቱ ኒኩንጃ ሄዶ ፈረመ። ካህኑ በሬሳው ፈንታ ከሳር የሰው ምስል ጎንጉነው ሱባል በሚል ስም ወንዙ ዳር አቃጠሉት። ሳር ነውና ቶሎ አለቀ። ፑቱል ከዚያ በኋላ ልጇን ይዛ በወዲያኛው ወንዝ ወዳለው አባቷ ቤት ተሻገረች። ለሱላታ አንዳንዴ መልእክት ትሰዳለች፤ ልጅቷ ደኅና ናት፣ ድጎማው ይመጣል። ኒኩንጃን ደኅና ነው ወይ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ቀጣዩ ክረምት ሲመጣ ከካክድዊፕ የወጡት ጀልባዎች ብዙዎቹ ሣጥን ታስሮላቸው ነበር። ኮምፒዩተሩ ፊት ግን ኒኩንጃ አልተቀመጠም። ሴቶቹ ሙሪያቸውን ይዘው መጥተው፣ የሚያሳያቸው አጥተው፣ በዝምታ ነጥቦቹን ሲያዩ ሱላታ ታዘበቻቸው። አንድ ቀን ገብታ ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። ፈቃድ የላትም፤ ማይክራፎኑን አትነካም፣ መናገር ቢያስፈልግ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ይጠራል። ማንበብ ግን ባሏን እያየች ለምዳ ነበር። ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየጠቆመች ትነግራቸዋለች።

ኒኩንጃ ከሱቁ ጀርባ ቬንትሌተር ይጠግናል። ሥራ አያጣም። ደመና በከበደ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶቹ ድምፅ ይሰማዋል።

«ሱላታ ዲዲ፣ የእኔው ምነው ቆመ?»

«መረብ ጥሎ ነው» ትላለች ሱላታ።

ኒኩንጃ የያዘውን መፍቻ ያስቀምጣል። ሚስቱ እውነቷን ይሁን አይሁን ከድምፅዋ ሊለይ ይሞክራል፤ አይለይም። ተነሥቶ ገብቶ ካርታውን ማየት ይችላል፤ ጥቂት እርምጃ ነው። ቁጭ እንዳለ ይቀራል።